ገመድ ነቅለን ስንጸልይ

ስቱዲዮዬ ሆሳዕና ውስጥ፣ በእናቴ ግቢ ያለችው ሰርቪስ ቤት ናት። ድሮ በግ ይታሰርባት ነበር። አሁንም ዝናብ ሲዘንብ ሽታው ብቅ ይላል፤ ዘማሪዎች አፍንጫቸውን ሲይዙ «መዓዛው ድምፅ ያጠራል፣ ዝም ብላችሁ ሳቡት» እላቸዋለሁ። አዲስ አበባ ያሉት ስቱዲዮዎች ግድግዳቸው ላይ ስፖንጅ ይለጥፋሉ አሉ። ይለጥፉ! የእኔ ግድግዳ የተጠቀጠቀው በቃጫ ነው፤ እናቴ ጊምቢቹ ባለው ማሳዋ እንሰት ፍቃ፣ አድርቃ፣ በጀርባዋ ተሸክማ ባመጣችው ቃጫ። ገብታችሁ ብታጨበጭቡ ድምፁ እዚያው እጃችሁ ላይ ይቀራል። ይህን ባወራሁ ቁጥር የሚስቅብኝ ታናሽ ወንድሜ ነበር።

ቤቷን አብረን ነው የሠራናት። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባል የለ? እኔ ቶሎ ግንፍል የምል ሰው ነኝ፤ ገመድ ከተጠላለፈብኝ ገመዱንም፣ የፈጠረውንም፣ የሸጠልኝንም እሰድባለሁ። እሱ ደግሞ የተጠላለፈ ገመድ ሲያገኝ መሬት ላይ ቁጭ ይልና እያንጎራጎረ ይፈታል። ብየዳው የእሱ፣ ጩኸቱ የእኔ ነበር። ጎረቤት «ዛሬ ደግሞ ምን ተበላሸ?» ብሎ የሚጠይቀው በእኔ ድምፅ ነው።

የሚያንጎራጉራትም ሁልጊዜ አንዲቷን ነበር፤ እናታችን እንሰት ስትፍቅ የምትላትን። መዝሙር አይደለችም፤ ዘፈን ናት ብትሏት ደግሞ እናቴ ትቆጣለች። የሥራ እንጉርጉሮ ናት፣ በሀዲይኛ። ልጆች ሳለን ጊምቢቹ ይዛን ትሄድ ነበር። አንድ እግሯን አንስታ የእንሰቱን ግንድ ልጥ ሳንቃው ላይ ታጣብቅና በቀርከሃ መፋቂያዋ ወደ ታች ትስባለች፤ ፍቅ፣ ፍቅ፣ ፍቅ። እንጉርጉሮዋ በዚያ ምት ላይ ነው የምትቀመጠው። እኔና ወንድሜ የእንሰት ቅጠል አንጥፈን እንተኛለን፤ ቅጠሉ ቀዝቃዛ ነው፣ የእንሰቱ ውኃ ይረጨናል፣ እሷ ከላያችን ታንጎራጉራለች። «ቀስ ብለህ እደግ፣ እኔ እጠብቅሃለሁ፤ ቅጠልህ ቤቴን ይሸፍን፣ እኔ እጠብቅሃለሁ» ነው የምትለው፤ እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈጅበታላ። ወንድሜ ግን «ለእኔ ነው የምትለው» ብሎ ያምን ነበር። እኔም ለእኔ ነው ባይ ነበርኩ፤ ስንት ጊዜ በዚህ ተደባድበናል መሰላችሁ። ኋለኛውን ክፍል አንዳችንም አናውቀውም፤ እዚያ ሳትደርስ እንቅልፍ ይወስደን ነበር።

ከዚያ ወንድሜ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። በእኛ አገር ይህን ማብራራት አያስፈልግም፤ ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ ልጁ፣ ወንድሙ ወይም እጮኛዋ እዚያ የሌለ ቤት ካለ ያሳዩኝ። በሞያሌ ወጣ። ስንት አገር አቋርጦ ጆሃንስበርግ ዳርቻ አንዲት ሱቅ ውስጥ ተቀጠረ፤ በኋላ ሱቋ የእሱ ሆነች። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ይደውላል። እኔ ዞር ብዬ የጠረጴዛውን ሥር ሳይ እሱ በይዶ የተዋቸው ገመዶች አሉ። አንዳንዴ ያለ ምክንያት እነካቸው ነበር። ናፍቆኝ ነዋ! ሌላ ምን ልበል።

እናቴን በየሳምንቱ የሚለምናት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«እማ፣ ያንን እንጉርጉሮ ስቱዲዮ ግቢና ተቀጂልኝ። ይላክልኝ።»

«ከፈለግኸው ና» ትለዋለች።

«እማ፣ ወረቀት የለኝም እኮ። አንዴ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። ሱቁም ይቀራል።»

«እኔ መቼ ሱቅህን ጠራሁ? አንተን ነው የጠራሁት።»

እናቴ እንዲህ ናት። በሀዲይኛ ነው የምትናገረው፣ እኔ ነኝ ወደ አማርኛ የማመጣው፤ በራሷ ቋንቋማ ከዚህም ይቆርጣል። አንድ ቀን ተናድጄ «ምን አለበት ብትልኪለት? ድምፅ እኮ አያልቅም!» አልኳት። ሩቅ አልሄደችም፣ ከአጥራችን ወዲያ ያለችውን ጎረቤታችንን በአገጯ አሳየችኝ። «ያቺን አየሃት? ቅቤውን ላከች፣ ቡላውን ላከች፣ ፎቶዋን ላከች፣ ድምፅዋን ላከች። ልጇ ምን ጎድሎበት ይምጣ? እኔ አንድ ነገር እዚህ አስቀርቼበታለሁ» አለች። ወጥቼ ገመድ ተሳደብኩ።

ታዲያ ነገሩ በዚህ ቢቀጥል ቀልድ ሆኖ በቀረ። እናቴ አንገቷ ላይ እንቅርት አላት፤ እኔ ሳልወለድ የነበረ፣ ሁላችንም እንደ አንገቷ ጌጥ የለመድነው። እሱ ማበጥ ጀመረ። ስትተኛ ትንፋሿ ማፏጨት አመጣ። ሆስፒታል ወሰድኳት። ሐኪሙ በእጁ ዳበሰና ወደ እኔ ዞረ። መውጣት አለበት፣ ካልወጣ ትንፋሿን ይዘጋዋል፤ ነገር ግን የድምፅ ነርቯ ከሥሩ ስለሚያልፍ ሊነካ ይችላል፣ ከዚያ በኋላ ድምፅዋ ላይመለስ ይችላል አለን። እናቴ «ትንፋሽ ይበልጣል» ብላ ነጠላዋን አስተካከለች።

ወንድሜ በስልክ አለቀሰ። «ቅዳት! እግሯ ላይ ወድቀህ ለምናት! ድምፅዋ ሳይሄድ ቅዳልኝ!» ይለኛል። ወደቅሁም፤ እውነቴን ነው፣ ጉልበቷን ይዤ ለመንኳት። «ድምፄ ከሄደ ይሂድ። ልጄ የሄደ ጊዜ ያልሄደ ምን አለ?» አለችኝ። ጨዋታው ሁሉ እዚህ ላይ ቆመ። የሕክምናው ቀን ተቆርጧል፣ እሷ አትቀዳም፣ እሱ አይመጣም፤ እኔ በመሃል መቅጃ ይዤ ቁጭ።

ፓች ቤዩ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። ለማያውቀው ልንገረው። ስቱዲዮ ውስጥ የማይኩም፣ የሚክሰሩም፣ የኮምፒውተሩም ገመድ የሚሰካው ከኋላ ነው። አንዱን ለመቀየር የስልኬን መብራት በጥርሴ ነክሼ ጠረጴዛ ሥር በደረቴ እሳባለሁ፤ ስወጣ ጭንቅላቴን እገጫለሁ፣ ከዚያ ስድብ ነው። ፓች ቤይ ማለት ያንን የኋላ ጣጣ ሁሉ ወደ ፊት የሚያመጣ፣ ላይና ታች ሁለት ረድፍ መሰኪያ ያለው ጠፍጣፋ ብረት ነው። ድምፅ በላይኛው ረድፍ ይመጣል፣ በታችኛው ወደ መቅጃው ይገባል። ሰው እንደ ሰው ቆሞ በአጫጭር ገመዶች ያገናኛል፣ ይለያያል።

ወንድሜ ሱቁ አጠገብ አንድ ስቱዲዮ ሲዘጋ ዕቃው ሲሸጥ አይቶ ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ጥቃቅን መሰኪያ ያለው፣ ብዛቱ ለጉድ ነው። ሌላው የጊታር ጃክ የሚገባበት ትልልቁ፣ እሱ ጥቂት ነው።»

«ብዙውን ነዋ!» አልኩ። ሰው ሲያየው እንዲደነግጥ እኮ ነው የፈለግኩት።

«ኧረ በፈጠረህ! የዚህ ገመድ እንኳን ሆሳዕና አዲስ አበባም መገኘቱን እንጃ። አንዱ ሲበጠስብህ ምን ልትሰካበት ነው? የጥርስ መፋቂያ?»

ትልልቁ ይሁን ተባለ። ቀጥሎ ስለ ጠባዩ ሊነግረኝ ጀመረ። አንዱ ዓይነት ገመድ ካልገባበት ምንም አያሳልፍም። ሌላው ያለ ገመድም ከላይ ወደ ታች ያሳልፋል፤ የትም ብትሰካበት ግን ይቆርጣል። «ሦስተኛው ግን…» ሲል ኔትወርኩ መንተባተብ ጀመረ። «…ላይ ብትሰካ ትሰማለህ እንጂ አታቋርጥም… ታች ስትሰካ ብቻ… ስትነቅል ደግሞ በራሱ…» ጆሮዬ ላይ ይቆራረጣል። «እሺ እሺ፣ አንተ ያልከው ይሁን!» ብዬ ዘጋሁት። ሦስተኛውን ላከው።

ለእረፍት የመጣ የሰፈራችን ልጅ ነው በሻንጣው ያመጣልኝ፣ በሕፃን ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ። ስፈታው ሳቄም እንባዬም መጣ። ወንድሜ ከየመሰኪያው በላይ ነጭ የቁስል ፕላስተር ለጥፎ በእጁ ጽፎበታል፤ ያንኑ ወደ ግራ የሚጋደም ጽሕፈቱን። ጊታር፣ ኪቦርድ፣ ከበሮ ይላል። በመጀመሪያው መሰኪያ ላይ ግን የዕቃ ስም የለም፤ «እማ» ይላል።

እናቴ መጥታ አየችው። መጽሐፍ ቅዱስ ስለምታነብ ፊደል አያመልጣትም።

«ይሄ የኔ ነው?»

«ያንቺ ነው።»

«ባዶውን ይቀመጣላ!» ብላ ወጣች።

አንደኛውን መሰኪያ ባዶውን ማስቀመጥ አይቻልም፤ ደጉን ማይክ፣ መሪ ዘማሪ የሚቆምበትን፣ እዚያ አስገባሁት። ፕላስተሩን ግን አልላጥኩም።

አሁን ስለ አንድ ልማዳችን መናገር አለብኝ። እኛ ጋ ሳይጸለይ አይቀዳም። መዘምራን ከየትም ይምጡ፣ መጀመሪያ የሚጸልይ ትልቅ ሰው ይቆማል፤ ጸሎቱም ሰዓት አያውቅም። ስቱዲዮው እንደተከፈተ ሰሞን የአንድ አባት ጸሎት ሳናውቅ ተቀድቶ፣ ጎረምሶች በስልካቸው እየተቀባበሉ ለቅሶውን ሲያስመስሉ እናቴ ሰማች። ጠርታኝ «ሰው ከፈጣሪው ጋር ሲነጋገር በር ላይ ቆሞ የሚያዳምጥ ምን ይባላል?» አለችኝ። «ጆሮ ጠቢ» አልኩ ራሴን ዝቅ አድርጌ። ከዚያ ወዲህ ሕግ ወጣ፤ ሲጸለይ ገመድ ይነቀላል፣ የተነቀለውም ሰው ሁሉ እንዲያየው እጄ ላይ ይሆናል። መቅጃውን አላቆመውም። ኮምፒውተሬ ያረጀ ነው፤ አንዴ ካቆሙት እስኪነሳ ሌላ ጸሎት ይፈልጋል። ስለዚህ ባዶ ዝምታ ይቀዳል፣ በኋላ ቆርጬ እጥለዋለሁ። እንዲህ ስንት ዓመት ኖርን።

እናቴ ሆስፒታል ልትገባ በተቃረበበት ሳምንት ከዱራሜ መዘምራን መጡ፤ ፓች ቤዩ ከተገጠመ ወዲህ የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ሚኒባስ ሞልተው፣ ግማሾቹ በመኪናው ዞሮባቸው። እነዚህ ሰዎች ተነጣጥለው አይዘምሩም፤ «አንድ በአንድ ልቅዳችሁ» ብትሏቸው እንደ ተሳደባችሁ ነው የሚያዩት። ሁሉንም በዚያች በግ ቤት ጠቀጠቅኳቸው። ገመዱን ሰካሁ፣ መቅጃውን አስነሳሁ፣ «እስቲ አንድ ጊዜ ሞክሩልኝ» ስል መሪያቸው እጁን አነሳ። «ቆይ እንጂ ጋሼ! ሳንጸልይ?» አለኝ። ደግሞ ዞር ብሎ «እናታችን ሊታከሙ ነው አሉ፤ እሳቸው ይጸልዩልን፣ እኛም እንጸልይላቸው» አለ።

እናቴ ከጓዳ እጇን እያደራረቀች መጣች። ቦታ የለም። ያለችው ክፍት ቦታ መሪ ዘማሪው የለቀቀላት ናት፤ እዚያች ደጓ ማይክ ፊት። ወደ እኔ አየች። ገመዶቹን ከፓች ቤዩ ነቅዬ፣ እንደ ልማዴ ከፍ አድርጌ አሳየኋት። ራሷን ነቀነቀች። ሁላችንም ዓይናችንን ጨፈንን። እኔም ጨፈንኩ፤ ሲጸለይ ዓይኑን ገልጦ ማሽን የሚያይ ሰው በእኛ ቤት አላደገም።

በሀዲይኛ ጸለየች። የዱራሜዎቹ ቋንቋ ከምባትኛ ቢሆንም እየተከተሉ አሜን ይላሉ። እኔ አንዳንዱን ሰማሁ፣ አንዳንዱን በራሴ ሐሳብ አለፍኩት፤ ሐኪሙ ያለውን እያሰብኩ ነበርና፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለበትንማ በዱራሜዎቹ አሜን ተውጦ ጭራሽ አልሰማሁትም። ጸሎቱ አለቀ፣ ገመዱን መልሼ ሰካሁ፣ ቀኑን ሙሉ ዘመሩ። ጥሩ ዘመሩ።

ሚኒባሱ ከሄደ በኋላ፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ዝምታውን ቆርጬ ልጥል ተቀመጥኩ። ዝምታው የለም። የእናቴ ድምፅ ነው ያለው።

ተነሳሁ፣ ወደ ፓች ቤዩ ሄድኩ፣ ገመድ ሰካሁ፣ ነቀልኩ፣ ሰካሁ። ለካ ወንድሜ በተቆራረጠው ስልክ ሊነግረኝ የፈለገው ይህን ነበር! ድሮ ገመድ ስነቅል መንገዱ ይዘጋል። በዚህኛው ግን ገመድ ስትነቅል ድምፁ በራሱ መንገድ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። እኔ ገመድ ይዤ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ስቆም እናቴ «እማ» በተባለችው መስመር ወደ መቅጃው ትገባ ነበር። ወይ ጉድ! ቁጭ ብዬ ሰማኋት።

ስለ ዱራሜ ልጆች ጸለየች፣ ስለ ሐኪሙ እጅ ጸለየች፣ ስለ እኔ ምላስ ጸለየች፤ «ስድቡን ውሰድለት» አለች፣ በሰው ፊት! ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «ያንን ልጅ ታውቀዋለህ። አንገቴን ለቢላዋ ከመስጠቴ በፊት አምጣው አልልህም፤ መንገዱ ሩቅ ነው። ግን አምጣው። እንጉርጉሮዬን ከልክዬዋለሁ፤ ክፉ ሆኜ አይደለም፣ የምጠራበት ሌላ የለኝም። አንተ ካመጣኸው እስከ መጨረሻው እልለታለሁ።» ቀጥላ፣ ጸሎት ውስጥ፣ መዘምራኑ ፊት፣ እንጉርጉሮዋን ጀመረች። «ቀስ ብለህ እደግ፣ እኔ እጠብቅሃለሁ…» ያ የጊምቢቹ ድምፅ ነው፤ ምንም አልተነካም። እኩሌታው ላይ እንደ ደረሰች ሳግ ያዛት። «አሜን» አለች። ሰዉም አሜን አለ።

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ። አልገደደኝም።

ጠዋት ቁርስ ሳትበላ ነገርኳት። መደበቅ አልችልበትም፤ ፊቴ ያሳብቃል። ተከተለችኝ። ማዳመጫውን ከሻሿ ላይ አደረግኩላት። ጥቂት ሰማችና ግንባሯን ቋጠረች።

«ማናት ይቺ?»

«አንቺ ነሽ እንጂ።»

«ድምፅዋ ደህና ነው» አለች። ወዲያው እየገባት መጣ። ማዳመጫውን አወለቀችና በጉልበቷ ላይ አድርጋ አየችኝ። «ጆሮ ጠቢ!»

«እማ፣ ገመዱን እኮ ነቅያለሁ፤ አይተሻል! አዲሱ ብረት ነው…»

«አጥፋው።»

እጄን ማውሱ ላይ አደረግኩ። አልታዘዝ አለኝ። «እኔ አልችልም። አንቺ አጥፊው፣ ይኸው፣ እዚህ ላይ ነው የምትጫኚው» አልኳት። እጇን ዘረጋች። እጇ የእንሰት መፋቂያ ያቆሰለው፣ ያጠነከረው እጅ ነው። ማውሱ ላይ አሳረፈችው፣ ቆየች፣ መልሳ አነሳችው።

«ይሄ የተነገረው ለእግዚአብሔር ነው» አለች። «እሱ ሰምቶታል። ልጄ ሲመጣ ይሰማዋል። በስልክ ግን አይሄድም። ቃል ግባልኝ።»

ገባሁላት። ምን አማራጭ ነበረኝ? ወንድሜ እዚያ እያለቀሰ እኔ ድምፅዋን ታቅፌ ቁጭ ማለቴ እንደ ጭካኔ ሆኖ ተሰምቶኛል፤ ዛሬም አንዳንዴ ይሰማኛል። ግን ድምፁ የእሷ ነው።

እንቅርቱ ወጣ። ትንፋሿ ዳነ፣ ክብር ለእግዚአብሔር። ድምፅዋ ግን ሐኪሙ እንደፈራው ሆነ። ሹክሹክታ ብቻ ቀረ፤ ያውም ነፋስ የበዛበት፣ አጠገቧ ካልሆኑ የማይሰማ። እንደሚመለስ ተስፋ አድርገን ጠበቅን። አልተመለሰም።

የመጀመሪያው እሑድ ወንድሜ ደወለ። ስልኩን ለእሷ ሰጠኋት። አወራችው፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ከወዲያ ይጮኻል። «እማ? እማ! አይሰማም! ጋሼ፣ ኔትወርክ ነው?»

ስልኩን ተቀበልኳት። «ኔትወርክ አይደለም» አልኩት።

የሱቁ ፍሪጅ ሲያንጎራጉር ይሰማኛል። በመጨረሻ «ሳትቀዳት ቀረህ» አለኝ። እናቴን አየኋት። እጇን አወዛወዘች፣ ንገረው እንደ ማለት።

«ተቀድታለች። ግን እዚህ ነው ያለው። ስትመጣ ትሰማዋለህ ብላለች።»

«ጨካኞች ናችሁ!» ብሎ ዘጋው። እሑድ መጣ፣ አልደወለም። የሚቀጥለውም እሑድ እንዲሁ አለፈ። እናቴ ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች፣ ከዚያ ተነስታ ሥራዋን ትሠራለች። እኔ ፓች ቤዩ ላይ ያለችውን ፕላስተር ባየሁ ቁጥር ሁለቱንም እረግማለሁ፤ ግትር እናት፣ ግትር ልጅ፣ በመሃል ልላጥ ባይ ፕላስተር! ጠርዟ ሲነሳ ግን በአውራ ጣቴ እጫነዋለሁ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ባጃጅ በራችን ላይ ቆመ። ባጃጅ በቆመ ቁጥር «ጥሩንባህን ተው፣ እየቀዳሁ ነው!» ብዬ መጮህ ልማዴ ነው። ጮኼ ወጣሁ። አንድ ቦርሳ የያዘ፣ ፀጉሩ ከፊት የሸሸ ሰውዬ ወረደ። «አሁንም ትጮሃለህ?» አለኝ። ወንድሜ ነው። ሱቁን ለሰው ትቶ፣ መመለሻ የሌለውን መንገድ መጥቷል። «ድምፅዋን በስልክ ካጣሁ እዚያ ምን አደርጋለሁ?» ነው ያለኝ፣ ሌላ ማብራሪያ አልሰጠኝም።

እናቴን እንዴት እንዳገኛት አልተርክም። ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ምን እንዳለችው እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ጆሮው ላይ ነበር የተናገረችው።

ከዚያ ሦስታችን በግ ቤቷ ገባን። ወንድሜ ቃጫውን በመዳፉ ዳበሰ፣ ድሮ የበየዳቸውን ገመዶች አየ፣ ፓች ቤዩ ፊት ቆሞ የራሱን ጽሕፈት አነበበ። የማዳመጫውን ገመድ ራሱ አንስቶ «እማ» ከምትለው ላይኛዋ መሰኪያ ሰካት፤ ላይኛዋ የምታሰማ እንጂ የማታቋርጥ ናት። የኮምፒውተሩን መውጫ ለጊዜው ወደዚያው መስመር አዙሬ የጸሎቱን ድምፅ ለቀቅኩለት።

ሰማ። እናቴ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ፊቱን ታያለች። የት እንደደረሰ ከፊቱ አወቅሁ፤ ስለ እኔ ምላስ ስትጸልይ ፈገግ አለ፣ ቀጥሎ አቀረቀረ፣ ቀጥሎ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አሜኑ ላይ ሲደርስ ማዳመጫውን አወለቀ።

«ቀሪውስ?» አለ፣ ያ የእንሰት ቅጠል ላይ የሚተኛው ልጅ ሆኖ። «እዚህ ላይ ቆመች እኮ። ቀሪውስ?»

እናቴ ተነሳች። ተራመደችና ደጓ ማይክ ፊት ቆመች፤ ከንፈሯ ሊነካት እስኪደርስ ተጠጋች። ወደ እኔ ዞራ በዚያ በነፋሱ ድምፅዋ «ቅዳ» አለችኝ። «ገመዱን አትንቀል።»

ማይኩን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ሲከፈት ሁሉም ይገባል፤ ዶሮው፣ ባጃጁ፣ የወንድሜ የአፍንጫ ድምፅ። ይግባ አልኩ። ወንድሜ ዓይኑን ጨፈነ። እናቴም ጨፈነች፣ በእጇ ጭኗን እየመታች፤ ፍቅ፣ ፍቅ፣ ፍቅ። ዜማው የለም፤ ትንፋሽና ቃል ብቻ ነው። ያልሰማነውን ጀመረችው። «ቀስ ብለህ አደግህ፣ እኔም ጠበቅሁህ፤ ስትደርስ ክንዴ ደከመ። ግድ የለም ልጄ፣ ሌላው ይፋቅህ፤ እኔ ቁጭ ብዬ አይሃለሁ።»

እኔ በዚህኛው ዓይኔን አልጨፈንኩም። መቅጃው ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት ብልጭ ትላለች፣ ትጠፋለች፣ ብልጭ ትላለች። እንጉርጉሮዋ እስኪያልቅ ድረስ ያቺን መብራት አየሁ።